ከ1986–87 የሚበልጥ የአዳራሽ ኳስ ዘመን አለ? (የመድረክ ውይይት ክር፣ 26 ምላሽ)

ክሩን የከፈትኩት ሁለት ነገር ለማለት ነው። አንደኛ፣ በአሜሪካ የአዳራሽ እግር ኳስ ታሪክ የ1986–87ቱን የውድድር ዘመን የሚያህል የለም። ሁለተኛ፣ ሊጉ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሞት የገደለው ጨዋታው አይደለም። ተመልካች ነበረው። የገደለው ገንዘቡን የያዙት ሰዎች አያያዝ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ አስረዳሁ። ሊጉ ኤም አይ ኤስ ኤል ይባል ነበር። ሜዳው የበረዶ ሆኪ ሜዳ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍበታል። ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ስፋቱ 26 ሜትር ቢሆን ነው። ዙሪያው በቦርድ ታጥሯል፤ ከቦርዱ በላይ ደግሞ ወፍራም፣ ብርጭቆ የሚመስል ፕላስቲክ አለ። በረኛውን ጨምሮ በየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል። አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ይጫወታሉ። ኳሱ ቦርድ ቢመታ ጨዋታው አይቆምም። ቅያሪ ገደብ የለውም፤ ኳሱ እየሄደ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ከባድ ጥፋት ያጠፋ ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቡድኑም በጎደሎ ይጫወታል። ኳሱ ራሱ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ ነበር።

ከዚያ ወደ ዘመኑ ገባሁ። ዳላስ ሳይድኪክስ በ1984 ሲጀምር 12 አሸንፎ፣ 36 ተሸንፎ ነው የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። አሰልጣኙ ጎርደን ጃጎ ይባላል፤ ቀደም ሲል እንግሊዝ ውስጥ ኪው ፒ አርን እና ሚልዎልን ያሠለጠነ ሰው ነው። በ1986–87 መደበኛውን ውድድር 28 አሸንፎ 24 ተሸንፎ ጨረሰ። ደህና ነው፣ ግን ማንም ዋንጫ ይወስዳል ያለው አልነበረም። በሌላኛው ወገን ታኮማ ስታርስ 35 አሸንፎ 17 ብቻ ተሸንፏል። ሁለቱ ለፍጻሜ ተገናኙ። ከሰባት ጨዋታ አራቱን ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። ሦስት ለሦስት ሆኑ። ሰባተኛው ሰኔ 20 ቀን 1987 ታኮማ ዶም ውስጥ ተደረገ። 21,728 ሰው ገባ፤ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። ታኮማ 3 ለ 1 እየመራ ወደ ማብቂያው ደረሰ። ዳላስ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የዳላሱ ማርክ ካርፐን አገባና 4 ለ 3 አለቀ። ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ዓይነት ጨዋታ እያየ የሄደበት ሊግ እንዴት ይሞታል? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

1ኛው ምላሽ የመጣው ከሲያትል አካባቢ ነው። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው። የዚያን ቀን እዚያ አልነበረም፤ አሜሪካ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ታኮማ ዶም ውስጥ መቀመጫ የሚያሳዩ ሰዎች ዘንድ ሠርቷል። ከእሱ ቀድመው የነበሩት ሽማግሌዎች ሰኔ 20ን እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነበር የሚያወሩት አለ። ጣሪያው ከእንጨት የተሠራ ጉልላት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር 160 ሜትር ያልፋል፤ ሃያ አንድ ሺህ ሰው እዚያ ውስጥ ሲጮህ ድምፁ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል ብሎ ገለጸው። ካርፐን ሲያገባ ግን የዳላስ ልጆች ጩኸት ብቻ ይሰማ ነበር ብለው ነገሩት።

2ኛው በአንድ መስመር ጠየቀ፤ ይሄ ፉትሳል ነው ወይ? 3ኛው በትዕግሥት መለሰለት። ፉትሳል በመስመር ነው የሚወሰነው፤ ግድግዳ የለውም። ኳሱ ትንሽ ነው፣ ብዙ አይነጥርም። የሚገባውም በየቡድኑ አምስት ሰው ነው። ፊፋ የራሱ አድርጎ የዓለም ዋንጫ ያዘጋጅለታል። የአሜሪካው ግን ከሆኪ የተወለደ ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ማብራሪያ ነበር፤ ክሩ እስከ መጨረሻው ድረስ ተጠቀመበት።

4ኛው ክሩን አሞቀው። በጨዋ ቃል ጀመረ፣ በጨዋ ቃል አልጨረሰም። በእሱ ቤት ይሄ እግር ኳስ አይደለም። ሰባት ለስድስት የሚያልቅ ነገር፣ ተጫዋች በጭስና በመብራት መሀል እየሮጠ የሚገባበት፣ በየጎሉ ሙዚቃ የሚለቀቅበት፣ ትዕግሥት ለሌለው ሕዝብ የተፈጠረ ትርኢት ነው ብሎ ደመደመ። ከሁሉ የጠላው ቦርዱን ነው። ኳስ መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ግድግዳ ላይ እየለጠፈ እንዴት ችሎታ አለው ይባላል? ሊጉም የሞተው ሰው ስለነቃበት ነው፤ የእኔን ገንዘብ ገንዘብ ማለት ሰበብ አድርጎ ቆጠረው።

ይህን ሳነብ መልስ ልጽፍ ነበር። 5ኛው ቀደመኝ፤ እንኳን ቀደመኝ። ወጣም ወረደ ሁላችሁም በግድግዳ ነው ኳስ የተማራችሁት ብሎ ጀመረ። ያደገበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ጠባብ መንገድ ነበር። በአንድ በኩል የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው የቆርቆሮ አጥር። በየጨዋታው የሚነሳው ጠብ አንድ ነው፤ ቆርቆሮ የነካች ኳስ ወጣች ወይስ አልወጣችም? ትልልቆቹ ልጆች በጨዋታ ላይ ናት ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ተለወጠ። ድንጋዩ ኳሱን አፍጥኖ ይመልሳል፣ ቆርቆሮው ግን ይውጠዋል፣ እግርህ ሥር ነው የሚጥለው። ስለዚህ ተከላካይ ሲመጣብህ ወደ የትኛው ወገን እንደምትመታ ቀድመህ ማወቅ አለብህ። ቀጭን አንድ ልጅ ነበር፣ ኳሱን ቆርቆሮ ላይ በጉልበት ሳይሆን በጎን እየነካካ ሦስት ሰው ያልፍ ነበር። የቆርቆሮው ባለቤት ሴትዮ እንጨት ይዘው እስኪወጡ ድረስ ነው ጨዋታው የሚቀጥለው። ይህን የተጫወተ ሰው ቦርድ ችሎታ አይጠይቅም አይልም፤ 5ኛው ያለው ይህን ነው።

6ኛውና 7ኛው እዚያው ሰፈር ቀሩ። አንደኛው ስለ ጨርቅ ኳስ አሠራር፣ ሌላኛው ካልሲ ከጨርቅ ይሻላል በማለት። ደስ የሚል ወሬ ነበር፤ ግን ወደ ዳላስ መመለስ ነበረብን።

የመለሱን 8ኛው ናቸው። ከሜሪላንድ ይጽፋሉ፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። ረጅም ጻፉ። ነገሩ የተጠነሰሰው በየካቲት 1974 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ከሞስኮ የመጣው የሶቪየት ጦር ቡድን ስፔክትረም በሚባለው አዳራሽ ከፊላደልፊያ አተምስ ጋር ተጫወተ። 6 ለ 3 ሶቪየቶቹ አሸነፉ። 11,790 ሰው ገባ። ለእግር ኳስ፣ በአሜሪካ፣ በክረምት! ኤድ ቴፐር የሚባል ሰው ያን አይቶ ሐሳቡ ገባው። ከኧርል ፎርማን ጋር ሆኖ ሊጉን መሠረተ፤ በታህሳስ 1978 በስድስት ቡድን ተጀመረ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኒውዮርክ አሮስ ከሲንሲናቲ ኪድስ፣ 7 ለ 2። ከኪድስ ባለቤቶች አንዱ የቤዝቦሉ ፒት ሮዝ ነበር።

እሳቸው ለ4ኛው የሰጡት መልስ ግን ታሪክ ብቻ አልነበረም። ጭሱና መብራቱ እውነት ነው፣ አልካዱም። ትኬት ገዝቶ ያላየውን ጨዋታ ሊያይ የመጣ ሰው ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልጆቹ እንዲመለሱ የሚያደርግ ነገር ያስፈልግ ነበር አሉ። በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ ከጨዋታው በኋላ ቆመው ለልጅ ሁሉ ይፈርሙ ነበር። ውጭ ሜዳ ላይ የሚጫወተው የአሜሪካ ሊግ በ1985 ሲፈርስ፣ አዲሱ የሜዳ ሊግ ኤም ኤል ኤስ እስከጀመረበት እስከ 1996 ድረስ አሜሪካ ውስጥ በኳስ ደሞዝ የሚበላ ሰው አብዛኛው የኖረው በዚህ አዳራሽ ነው፤ በጭሱ የምንስቀው ያን ረስተን ነው ብለው ጨረሱ። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

9ኛው ዙንጉልን አነሳ። ሳይነሳ የቆየው ራሱ ይገርማል። ስቲቭ ዙንጉል ከዩጎዝላቪያ፣ ከሃይዱክ ስፕሊት ነው የመጣው። በ1978 አሜሪካ ገብቶ ቀረ። ክለቡ አልለቀቀውም፤ ስለዚህ በፊፋ ሥር ባለ በማንኛውም ሊግ መጫወት አይችልም። አዳራሹ ግን ከፊፋ ውጭ ነበር። የተከፈተለት በር ያ ብቻ ነው። ገባና ሊጉን ገዛው፤ በአንድ ውድድር ዘመን 108 ጎል ያገባበት ጊዜ አለ። 9ኛው በስሜት ሲጽፍ ኒውዮርክ አሮስ በእሱ ጊዜ አምስት ዋንጫ ወሰደ አለ። 10ኛው ወዲያው አረመው፤ አራት ነው፣ ከ1979 እስከ 1982። አምስተኛውን፣ የ1983ቱን፣ የወሰደው ሳንዲያጎ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ በዚያ በሰኔ 20 ምሽት ዙንጉል የታኮማን ማሊያ ለብሶ ነበር። ይህን ሁሉ ዋንጫ ያነሳው ሰው በገዛ አዳራሹ፣ ያን ያህል ሕዝብ ፊት ተሸነፈ።

11ኛው ያው 4ኛው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ዙንጉል ያን ያህል ከሆነ ውጭ ሜዳ ላይ ለምን አልታየም ሲል ጠየቀ፤ አጠያየቁ መልስ የሚጠብቅ አይመስልም። 12ኛው ግን መልሱን ይዞ ነበር። ፈቃዱ ሲገኝ ዙንጉል በውጭው ሊግ ለጎልደን ቤይ ተጫውቷል፤ በ1984 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ከዚያ 12ኛው ፕሬኪን አመጣ። ቤልግሬድ የተወለደ ግራ እግረኛ ነው። በ1985 ታኮማ ገባ፤ በዚያ ፍጻሜም ነበረበት። ከአዳራሹ ወጥቶ እንግሊዝ ለኤቨርተን ተጫወተ። ካንሳስ ሲቲ ሄዶ በ1997 እና በ2003 የኤም ኤል ኤስ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በሁለተኛው ጊዜ አርባ ዓመቱ ነበር። በየካቲት 1998 ደግሞ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ሎስ አንጀለስ ላይ ብራዚልን 1 ለ 0 ያሸነፈችዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ጎሉን ያየ ሰው ያስታውሳል። ከሳጥኑ ጫፍ አካባቢ ኳሱን ወደ ግራ እግሩ ሳብ አድርጎ ሳይዘገይ መታው። 12ኛው ያን ትንሽ ቦታ ከየት ተማረው ብሎ ጠየቀ። በአዳራሽ ውስጥ ማንም ሁለት ጊዜ ለመንካት ጊዜ አይሰጥህም።

4ኛው ለዚህ አልመለሰም። ዝም አለ ማለት ግን አይደለም፤ ወደታች ይመጣል።

13ኛው ከባልቲሞር ነው። እስካሁን ከመጡት ሁሉ ጠንካራው ይህ ነበር። የጠቃቀስኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የተውኩት ነገር አለ አለኝ። በዚያው በምወደው ውድድር ዘመን ኒውዮርክ ኤክስፕረስ የሚባል አዲስ ቡድን ነበር። 26 ጨዋታ አድርጎ 3 አሸነፈ፤ ዘመኑ ሳያልቅ መሀል ላይ ፈረሰ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ታላቁ የኒውዮርክ የሜዳ ቡድን ኮስሞስ ራሱ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሳይጨርስ ወጥቷል። አንድ ቡድን በመሀል የሚጠፋበትን ዓመት ምርጥ ብሎ መጥራት የታኮማን ሕዝብ ብቻ ማየት ነው አለ። ከዚያ በላይ የሄደው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ጨዋታውንና ገንዘቡን መለየት አይቻልም። በዓመት 26 ጊዜ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ደሞዝ ከፍሎ፣ በአገር ስፋት በአውሮፕላን ተመላልሶ ኪሳራ የማያመጣ ጨዋታ ካልሆነ ጨዋታው ራሱ ጎደሎ ነው።

14ኛውን እኔ ጻፍኩ። ኤክስፕረስ ለኔ ምስክር ነው አልኩት። የተጫወተው ናሶ ኮሊዚየም ነው፤ አሮስ አራት ዋንጫ የወሰደበት፣ ሊጉ የተከፈተበት አዳራሽ። ጨዋታውም ያው፣ ከተማውም ያው። የተለየው ማን እንደያዘውና በምን ዝግጅት እንደገባ ነው። ዳላስ ደግሞ በዚያው ዓመት፣ ከመዘጋት ተርፎ፣ ዋንጫ ወሰደ። አንዱ ጠፋ አንዱ ነገሠ፤ ሁለቱም በአንድ ሕግ፣ በአንድ ኳስ ነው የተጫወቱት።

15ኛው ከዳላስ ሲመጣ ክሩ ትንሽ አረፈ። ይህ ሰው ታቱን በዓይኑ አይቷል። ታቱ የሳይድኪክስ ተጫዋች ነበር፤ ብራዚላዊ ነው፣ ከሳኦ ፓውሎ። አጭር ነው፣ ዘጠኝ ቁጥር። የ1986–87 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር። ጎል ሲያገባ ማሊያውን አውልቆ ወደ ሕዝቡ ይወረውራል። 15ኛው ያየው በዘጠናዎቹ ነው፤ ሪዩኒየን አሬና መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ አንድ ቀን ትኬት ተረፈና ልጁን ይዞ ገባ። ታቱ አገባ። ቦርዱ ጋ ሮጦ መጣ፤ ማሊያውን ሲያወልቅ በላብ ረጥቦ ጀርባው ላይ ተጣብቆበት ነበር፣ ሁለት ጊዜ ጎተተው። ጠቅልሎ ወረወረው። ከፕላስቲኩ በላይ አልፎ ከእነሱ ሁለት ረድፍ ፊት ወደቀ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዘውት ሲጓተቱ አንዲት ሴት ከመሀል ገብታ ለአንድ ትንሽ ልጅ ሰጠችው። ታቱ ሌላ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ተመልሶ ገባ። የ15ኛው ልጅ ያን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ አያስታውስም፤ ማሊያውን ግን አልረሳውም። አሬናው በ2009 ፈረሰ፤ ሰውየው ሲፈርስ ሄዶ አይቷል።

ከዚያ ሳንዲያጎ መጣች። 16ኛው የከተማዋ ቡድን የሶከርስ ደጋፊ ነው፤ ምሬቱ ግልጽ ነው። ስለ ሊጉ ታሪክ ሊወራ ሶከርስ ሳይነሳ 15 ምላሽ ሄደ? በ1985 እና በ1986 ወሰደ፤ ከ1988 እስከ 1992 ድረስ በየዓመቱ ወሰደ። በመሀል የቀረችው 1987 ብቻ ናት። እኔ ምርጥ ያልኩት ምርጡ ቡድን ያመለጠውን ዓመት ነው አለ። ልክ ነው፣ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ለኔ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሌላ ቡድን የነገሠባት አንዲት ዓመት መሆኗ ነው ያቺን ዘመን የለያት።

17ኛው ይህን ይዞ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፣ በሹል ቃል። ሊጉን የገደለው ሶከርስ ነው! ውጤቱ በጥቅምት የሚታወቅ ውድድር ማን ያያል? 16ኛው ተቆጣ። ማሸነፍ ወንጀል ከሆነ አሮስም አራት ወስዷል፣ ያኔ ለምን ሊጉ አደገ? 17ኛው ስለ ሶከርስ ደጋፊዎች የማይደገም ነገር ጻፈ። በ18ኛው የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ፤ የተጻፈውንም አጠፋ። ጥሩ አደረገ። 16ኛው ያነሳው የአሮስ ነጥብ ግን በጠቡ መሀል ጠፋ እንጂ ጥሩ ነጥብ ነበር።

19ኛው ከዱባይ ነው፤ ስለ ሊጉ ብዙ አያውቅም፣ ግን ቦርድ ባለበት አዳራሽ ይጫወታል። በበጋ ውጭው እንደ ምድጃ ስለሚሆን ከሥራ በኋላ አየር ማቀዝቀዣ ያለው አዳራሽ በሰዓት ይከራያሉ። ሐበሻው ከፊሊፒኖው፣ ከሕንዱ ጋር ተደባልቆ ነው። ወሬው ከርዕሱ ቢወጣም ወደድኩት።

20ኛው ግን አልወደደውም። የሀገራችን ሊግ በስንት ችግር እየተንገታገተ የፈረንጅ የሞተ ሊግ ሬሳ ማገላበጥ ምን ይሠራልናል ብሎ ገሠጸን። ሥራ ፈት የሚል ቃልም አለበት። ሁለት ሦስት ሰው ደገፈው።

የመለሰለት 21ኛው ነው፣ ከሚኒያፖሊስ። ቁጣ የለበትም፤ ግን አንድም ቃል አልለቀቀም። ሰሜን አሜሪካ ያለን ሰዎች በ1984 በተጀመረው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል በየበጋው እንገናኛለን፤ ዳላስም ሲያትልም አዘጋጅተውታል። እሱ የበጋው ነው። በሚኒሶታ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ውጭ ኳስ የለም። ቡድኖቻችን የሚተርፉት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ብዙው አዳራሽም የቦርድ ነው። ይህ ሊግ የተጫወተውን ሕግ ነው ዛሬ የምንጫወተው።

ከዚያ አንድ ትዕይንት ነገረን። በየዓመቱ ከሀገር ቤት አዲስ የመጣ ጥሩ ተከላካይ ይገባል። ሜዳ የለመደ፣ ጭንቀት ሲመጣ ኳሱን ወደ ውጭ አውጥቶ ለመተንፈስ የተማረ። አዳራሽ ይገባል። አጥቂ ሲጫነው እንደለመደው ወደ ጎን በኃይል ይመታል፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ቦታውን ሊይዝ ይሮጣል። ኳሱ ቦርዱን ደብ አድርጎ ተመልሶ በባዶ ቦታ ለቆመው ለዚያው አጥቂ ይደርሳል። ጎል። በረኛው ይጮሃል፣ ልጁ ዳኛውን ያያል። ውጭ አይደለም እንዴ? ሁለተኛውን ሳምንት ያው ይደገማል። በሦስተኛው ወር ግን ያ ልጅ ኳስ ማውጣት ትቶ ማቀበል ይጀምራል፤ በጋ ሲመጣ ሌላ ተጫዋች ሆኖ ነው ውጭ ሜዳ ላይ የሚወጣው። 21ኛው ይህን ለ4ኛውም ለ20ኛውም በአንድ ላይ ነው የጻፈው።

ከክሩ ሁሉ አንድ ምላሽ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

22ኛው 4ኛው ነው፤ አሁን ቃሉ ለስለስ ብሏል፣ ሐሳቡ ግን አልተነቃነቀም። ለልምምድ ይጠቅማል፤ ተቀብሏል። ለልምምድ የሚጠቅም ሁሉ ግን ሊግ አይሆንም። ፕሬኪና ዙንጉል ወትሮም ባለ ተሰጥኦ ነበሩ፤ በየትም ያበሩ ነበር። የዚህ ሰው ክርክር ባይዋጥልኝም ከ20ኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ስለ ጨዋታው ነው የሚከራከረው።

23ኛው አንድ ወጣት ነው። ዛሬ የት ሄጄ ማየት እችላለሁ አለ። 24ኛው፣ ማለትም የመጀመሪያው የሲያትል ሰው፣ መለሰለት። አዲሱ ታኮማ ስታርስ ኬንት ውስጥ ነው የሚጫወተው፤ አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ፊት ለፊት ቦርዱ ጋ መቀመጥ ይቻላል። ኬንት ደግሞ የኛ ሰው የሞላበት ከተማ ነው። 8ኛው ጋሼም ገብተው ዋሽንግተን አካባቢ ላለው ሰው ባልቲሞር ብላስት ቅርብ መሆኑን አስታወሱ። ብላስት የ1984 ሻምፒዮን ነው፤ ሊጉ ከሞተም በኋላ ስሙን ለጥቂት ዓመት ቀይሮ፣ ሊግ እየቀያየረ ዛሬ ድረስ አለ። ከቦርዱ ጋ ለመቀመጥ ግን ተዘጋጅቶ መሄድ ነው፤ ኳስ ሲመታው አንዳንዱ ይደነግጣል።

25ኛው ላይ 13ኛው፣ የባልቲሞሩ፣ ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰን። ለኤክስፕረስ የሰጠሁት መልስ አላረካውም። ባለቤቶቹ ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው አለ። በ1988 የደሞዙ ጣሪያ እንዲወርድ ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ሲጨቃጨቁ ሁሉም ነገር ሊዘጋ ነበር። ተጫዋቾቹ ቅነሳውን ተቀበሉ፤ እንዲያም ሆኖ ከ11 ቡድን በቀጣዩ ዘመን የተገኘው 7 ብቻ ነው። ገንዘቡ ስለተሰረቀ አይደለም፤ ስላልበቃ ነው። ያልበቃው ደግሞ ጨዋታው በቴሌቪዥን ስላልሸጠ ነው። ትንሿን ቀይ ኳስ ያኔ በነበረው ስክሪን ላይ ቦርድ ሥር መከተል ከባድ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ያበደበት ነገር ቤት ለተቀመጠው አልደረሰውም።

ስለ ቴሌቪዥኑ ያለው የሚያሳምን ነው፤ ይህን ማንም ቀድሞ አላነሳውም ነበር። የቀረውን ግን በ26ኛው ሞገትኩት። በ1988 የጠፉት እነማን ናቸው? ክሊቭላንድ ፎርስ አለበት፤ በሊጉ ብዙ ሕዝብ ከሚያስገቡት አንዱ ነበር። ሴንት ሉዊስ ስቲመርስ አለበት። ስቲመርስ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አዳራሹን እየሞላ የከተማውን የሆኪ ቡድን በተመልካች የሚፎካከር ቡድን ነበር። እነዚህ ሰው አጥተው ከሆነ የጠፉት፣ ጨዋታው ነው የገደላቸው ብዬ እቀበላለሁ። ሰው እየገባላቸው ወጪውን ያለ ልክ ያሳደጉት፣ ታዋቂ ተጫዋች ለመቀማት ደሞዝ ያናሩት፣ መጀመሪያ ክፉ ዓመት ሲመጣ ቁልፉን ጥለው የሄዱት ባለቤቶቹ ከሆኑ ግን ጥፋቱ የቦርዱም የቀዩ ኳስም አይደለም። ሴንት ሉዊስ የኳስ ከተማ ናት፤ እዚያ ጨዋታውን ያልገባው ሕዝብ ነበር የሚል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ስለ ሴንት ሉዊስ ብቻ እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት። በሥራ ሳምንት ላይ ነኝ፣ እሑድ እጽፋለሁ ብሎ በግል መልእክት ልኮልኛል፤ የስቲመርስን ጨዋታዎች ያየ ሰው እዚህ ካለ ከእሱ በፊት ቢጽፍ ደስ ይለኛል።